ግማሹ የኔ ነው

በስምንት ዓመቴ ዳኛ ነበርኩ። ሹመቱን የሰጠኝ አባቴ ነው። ብርቱካን ሲቆረጥ፣ ዳቦ ሲገመስ፣ ከስፌት የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ ለአሻንጉሊቶቻችን ሲታደል፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «የሷ ይበልጣል!» ሳልል የቀረሁበት ቀን የለም። አባቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ዳኛችን ገብታለች፤ ተነሱላት!» ይልና ይስቃል። ደንበኞቹም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም ነበር። ዳኛ ምን ያስቀዋል?

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያ፣ በመሃላቸው መጋረጃ ብቻ። የእግር መኪናው ሲሄድ በጓዳ ያሉት ብርጭቆዎች አብረው ይንቀጫቀጫሉ። እህቴ ከኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ቀጭን ስለሆነችና ከእጇ መርፌ ስለማይለይ አባቴ «መርፌዬ» ይላታል። እኔ እታለም እላት ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምላት።

ልጅ አማና ነው ይል ነበር አባቴ። «ሰው ጨርቁን አምኖ ይሰጥሃል። ነገ መጥቶ ልብሴስ ሲልህ አበላሸሁት ትለዋለህ? ልጅም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ ይጠይቅሃል።» ይህን ለጎረቤት ሲያወራ ሰምተነዋል፤ ለኛ ግን ብዙ አያወራም፤ ያደርገዋል እንጂ። ጡጫውን ጨብጦ «ነይ፣ የምሰጥሽ አለ» ካለ በጡጫው ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ሌላው ቢቀር ቁልፍ ወይም ተምር። ባዶ እጅ ጨብጦ ልጅ መጥራት ውሸት ሆኖ ይጻፋል ብሎ ያምናል። አንዳችንን ከሳመ ሌላዋን ፍለጋ ይነሳል፤ እስኪያገኝ አንድ እግር ጫማው እንደጠፋበት ሰው ይሆናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቻችሁ መካከል ፍትሐዊ ሁኑ ብለዋል፤ አባቴ ይህቺን ቃል እንደ ሜትሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ነው የሚዞረው።

ለመካፈል አንድ ሕግ ነበረን። አንዷ ትቆርጣለች፤ ሌላዋ ትመርጣለች። ቆራጯ ትልቁን መራጯ እንደምትወስደው ስለምታውቅ፣ ትንፋሿን ይዛ እኩል ለማድረግ ትጨነቃለች። እኔ ብርቱካን የምቆርጠው በአባቴ የጨርቅ ጠመኔ መሃሉን ካሰመርኩ በኋላ ነበር። ሕጉን ሐዲስ፣ የነብዩ ቃል ነው ብዬ ለቁርአን ቤት ኡስታዛችን ስነግረው፣ «ይሄስ የአባትሽ ነው፤ ግን ሸጋ ነው» አለኝ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ነው አንድ ቀን ቡናማ ጠርሙስ ብቅ ያለው።

ከመኪናው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ከክር ካርቶኖቹ ጎን ተቀመጠ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቴ ያወርደዋል፤ ይነቀንቀዋል፤ «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ ማንኪያ ይሞላና፣ መርፌ ላይ ክር ሊሰካ እንደሚል ሰው አይኑን አጥብቦ ወደ መብራቱ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በእህቴ አፍ። ቀይ ነው፤ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። እሷ ፊቷን ታጨማድዳለች። ይህን ደግሞ እኔ «እንዳልጎመጅ ብላ ነው» ብዬ ተረጎምኩት።

«ለኔስ?» አልኩ በመጀመሪያው ቀን።

«ይሄ የእህትሽ ሐቅ ነው ልጄ። አይካፈልም።»

«ለምን?»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ መጋረጃውን አየች። «ዳኛዬ፣ ይሄን ጉዳይ ለኔ ተይልኝ» አለ።

ከዚያ በፊት አንድም ጉዳይ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ነገሩ በጠርሙሱ አላበቃም። በየወሩ አንድ ሐሙስ አባቴ ሱቁን ዘግቶ እህቴን ይዟት በአውቶቡስ ይሄዳል፤ የሚመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ለኔ ሁለት ብስኩት ይዞልኝ ይመጣና «የሷን እዚያ በልታለች» ይለኛል። እኔም ሄጄ አፏን አሸታለሁ፤ ምርመራ ነው። ማታ ማታ ደግሞ እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዛሬስ?» ትላለች። አባቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም አልመጣም» ይላል። አንድ ቀን እናቴ «ብቻ ከመጣም ሰው ፊት እንዳይሆን» ስትል ሰማሁ። እኔ ለእህቴ ብቻ ስጦታ የሚያመጣ፣ እኔ እንዳላየው በስውር የሚገባ የሚወጣ አንድ ሀብታም ዘመድ እንዳለን ወሰንኩ። መልኩን ሁሉ ሠርቼለት ነበር፤ ወፍራም ነው፤ ሰፊ ኪስ አለው።

የሚመጣው የሚጥል በሽታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሚሄዱት ከከተማው ዳር ወዳለ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከጠዋት ጀምረው ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዴ የመጣባት ጓዳ ውስጥ ነው፤ እኔም ቤት ነበርኩ። «ሮጠሽ ጨው ግዢ!» ተብዬ ስላክ፣ የጨው ዕቃችን አፉ ድረስ ሙሉ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ለምን ደበቃችሁኝ አልልም። «ጂኒ አለባት» ይሏታል፣ ነገ የሚያገባት አታገኝም፣ ትል ነበር እናቴ፤ አባቴ ደግሞ የሰውን ነውር የሸፈነን አላህ ይሸፍንለታል እያለ ያደገ ሰው ነው፤ የገዛ ልጁን እንዴት አይሸፍን? የኔ አፍ ደግሞ ወንፊት ነበር። አንድ ነገር ጠዋት ከሰማሁ እስከ ዙሁር ሰፈሩ ያውቀዋል።

ያኔ ግን ክስ ነበረኝ። ማስረጃውን የሰጠኝ ደግሞ ኡስታዛችን ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ፣ ነብዩን ምስክር ሁኑልኝ ብሎ እንደመጣ ነገረን። «ለሁሉም ልጆችህ እንደዚሁ ሰጥተሃል?» ብለው ጠየቁት። አልሰጠሁም አለ። እሳቸውም በግፍ ላይ አልመሰክርም አሉት። ሩጫዬን ሱቅ ደረስኩና፣ አባቴ የአንድ ሾፌር ትከሻ እየለካ ሳለ፣ ሐዲሱን አንድ ሳላስቀር ወጣሁት። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቁን ያዘ።

አባቴ ሜትሩን ከሰውዬው ትከሻ አነሳ። «ልክ ነሽ። እንደሱ ነው ያሉት» አለ። ከዚያ ሾፌሩን አየ፤ ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክለውን እህቴን አየ። አንድ ነገር ሊናገር አፉ ተከፍቶ ሲዘጋ አይቻለሁ። «ሁሉ ነገር ስጦታ አይደለም ልጄ» ብቻ አለኝ።

ጥፋተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አልኩ በሆዴ።

ሰኞ ዕለት አባቴ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄደ፤ እናቴ ከጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ እህቴ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። በርጩማ ላይ ወጥቼ ጠርሙሱን አወረድኩት። አዲስ ነበር፤ ገና ሁለት ማንኪያ ቢጎድለው ነው። የስፌት መኪና ዘይት የነበረበት ባዶ ጠርሙስ በሳሙና አጥቤ አዘጋጅቼ ነበር። መሃሉን በጠመኔ አሰመርኩ። ግማሹን ወደኔ ቀዳሁ፤ የጎደለውን አባቴ እንዳያዝን ብዬ በውሃ ሞላሁት። ከዚያ ነቀነቅኩት። እሱ ሲል እንደሰማሁት «ቢስሚላህ»ም ብያለሁ። ሕጉን እንኳ አልጣስኩም፤ ቆራጯ እኔ ስለሆንኩ፣ ጥሩውን ጠርሙስ ለእህቴ ትቼ የዘይቱን እኔ ወሰድኩ። ግማሹ የኔ ነው፤ ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል?

ድርሻዬን ብጣሽ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ጆንያ ውስጥ ሸሸግኩ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በክዳኑ አንድ እጠጣለሁ። ዘይት ዘይት ይላል፤ ግን ሐቅ ነው ብዬ ዋጥኩት። ከሦስት ቀን በኋላ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። ቁርአን ቤት ቁጭ ባልኩበት አንገቴ ይሰበራል። ኡስታዙ «ዛሬ ዳኛዋ ችሎት ላይ አንቀላፋች» ሲል ልጆቹ ያውካካሉ። እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ማታ ማታ ቁርአን እየቀራች እፍ ትልብኝ ነበር። አሁን ሳስበው እንዳልሞት ያደረገኝ የክዳኑ ማነስ ይሆናል።

ከነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ አባቴ ማንኪያውን ወደ መብራቱ እንዳነሳ ቆመ። «ቀለሙ አልሳሳብሽም?» አለ።

«አምፖሉ ነው። ደግሞ ዓይንህ» አለች እናቴ።

እውነት ነው፤ የዚያን ሰሞን ዓይኑ ደክሞ መርፌው ላይ ክር የምንሰካለት እኛ ነበርን። ዝም ብሎ ማንኪያውን ለእህቴ ሰጣት። እኔ ጆንያው ላይ ጋደም ብዬ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም።

በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ሾፌሩ ኮቱን ሊወስድ መጥቶ ቆሟል፤ አንዲት አስተማሪም ቀሚሷን ትጠብቃለች። አባቴ እህቴን «መርፌዬ፣ እስቲ የኮቱን ኮሌታ አንቺ ተኩሺው» አላት። ያቺ ነገር ከመጣች ስድስት ወር ስላለፋት በዚያው ሳምንት ነበር ካውያ የፈቀደላት። የከሰል ካውያ ነው፤ ከባድ። እህቴ ደስ ብሏት ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ውሃ እፍ እያለች ትተኩሳለች። ሾፌሩ «ይቺስ ካንተ በለጠች!» አለ። አባቴ ሳይመልስለት ፈገግ ብሎ ወደ መኪናው ጎንበስ አለ።

እጇ ቀጥ አለ። እየተጫወተች መሰለኝ። ዓይኖቿ እኔ ወዳለሁበት ዞረው ነበር፤ እኔን ግን አያዩም። ከዚያ ወደቀች፤ ካውያው አብሯት ወረደ፤ ክዳኑ ተበርግዶ ፍሙ በወለሉ ተበተነ። ቀኝ እጇ ከስር ነበር። አባቴ በመኪናው ላይ ዘሎ አለፈ። አባቴን ሲዘል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካውያውን በባዶ እጁ ወርውሮ፣ በጎኗ አስተኝቶ ጭንቅላቷን ያዘ። አስተማሪዋ «ጂኒ ነው! ያ አላህ፣ ጂኒ ነው!» እያለች ወጣች። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የሱፍ ሽታ ነበር፤ ሌላም ሽታ ነበር።

እህቴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። ስትመጣ እጇ በነጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሲፈታ ሦስቱ ጣቶቿ መዳፏ ላይ ተጣብቀዋል። ምስጢሩ ደግሞ ገና ያን ዕለት ከመግሪብ በፊት ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። በኔ አፍ እንኳ አልነበረም።

ሆስፒታል ሳለች ነው ጎረቤቶች ሊጠይቁን የመጡት። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂው ነበሩ፤ ኡስታዙም ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። አባቴ እጁ በፋሻ ታስሯል፤ እሱም ተቃጥሎ ነበር። እኔ ውሃ አቀርባለሁ። ሐጂው «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ሶብር አድርግ» ሲሉት አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም ሐጂ። ልጄን በድያለሁ። ሐቋን አጉድያለሁ። ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

ትሪውን ይዤ ቀጥ አልኩ። በመጨረሻ አመነ! ያውም በሰው ፊት፣ በኡስታዙ ፊት። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልሰጠኝ ድርሻዬ ቆጭቶት ነው እንዲህ የሚለው ብዬ ልቤ ራራለት። ዳኛ መሆን ጥሩ ነው፤ ይቅር ማለት ግን ይበልጣል ተብሎ የለ? ትሪውን አስቀምጬ ከፊቱ ቆምኩና፣

«አባባ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

አባቴ በደህና እጁ ስቦ ደረቱ ላይ ለጠፈኝና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ፀጉሬ ራሰ። ሐጂው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ኡስታዙ «ማሻአላህ! በእህቷ ፈንታ! ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው!» አለ። ይህን ታሪክ ከዚያ በኋላ ስንት ቦታ እንደተናገረው ቁጥሩን አላህ ይወቀው። ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው ግንባሬን ይስሙኝ ነበር። እኔም ክሴ ተዘጋ ብዬ፣ የቀረኝን ድርሻ በማግስቱ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። እንቅልፉም ተወኝ። እናቴ በሷ ዱዓ መሰላት።

እውነቱን ያወቅኩት በአስራ አራት ዓመቴ ነው፤ ያውም በማይረባ ቀን። እናቴ ከሐኪም ቤት የመጣ ላስቲክ ሰጥታኝ «የእህትሽን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አኑሪው» አለችኝ። ቡናማ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ያው የከረሜላ ሽታ። እስከዚያ ቀን ጠርሙሱንና የሚጥላትን ነገር አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄ የምን መድኃኒት ነው?»

«የእህትሽ ነዋ! የሚጥላት ከጀመራት ጀምሮ የምትወስደው። አንቺ ደግሞ፣ ዛሬ የተወለድሽ ይመስል!»

ጠርሙሱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልብስ ማስጫ ገመዱን ይዤ ቆምኩ። አስራ አንድ ቀን ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ ነው። ተመልሼ ገብቼ መናገር ነበረብኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። የዚያን ዕለት ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ልጅ ነበርኩ እላለሁ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝስ? ስዳርስ? የገዛ ልጆቼን ዋሽታችሁ እንዳላይ እያልኩ ስቆጣስ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ያልተናገሩት እውነት ግን አይቀልም፤ እኔን እያደር ነው የከበደኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ካውያ በሱቁ አላስገባም፤ የሰፋውን ልብስ ለማስተኮስ መንገድ ተሻግሮ ላውንደሪ ይወስድ ነበር። የእህቴንም ማንኪያ ዳግም አልያዘም። ጠርሙሱን አውርዶ ለእናቴ ይሰጥና ከክፍሉ ይወጣል። እህቴ በግራ እጇ መጻፍ ተማረች፤ ስፌት ግን ቀረ። ዛሬ የትንንሽ ልጆች አስተማሪ ናት። አግብታለች፤ አንድ ልጅ አላት። ግን ከኛ ቤት ወጥታ ለመኖር የተጣደፈችው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አንዴ ደፍሬ የሰፈራችንን ፋርማሲስት ጠየቅኩት። «ለአንድ ሰው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግማሹ ውሃ ቢሆን ምን ይሆናል?»

«ሰውየው ታሟል እንዴ?»

«የድሮ ነገር ነው።»

«ሊጥል ይችላል» አለ ትከሻውን ነቅንቆ፤ «ሙሉውን ቢወስድም ሊጥለው ይችል ነበር። ማን ያውቃል?» ይህቺን «ማን ያውቃል» ይዤ ወጣሁ። ሁለት ቀን ያህል አሳረፈችኝ፤ ከዚያ እሷም አለቀች።

አባቴ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ አጠገቡ ነበርን። አልጋው መኪናው በነበረበት ቦታ፣ በፊተኛው ክፍል ተዘርግቷል። ሊሞት እንደሆነ አውቆ ሁላችንንም በየተራ አውፍ አስባለ። እኔን «አንቺስ ገና በልጅነትሽ ብለሽኛል» ብሎ ፈገግ አለልኝ። እህቴን ግን የታመመ እጇን ይዞ ብዙ ቆየ።

«ካውያውን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ» አላት። «ማንኪያውንም... ቀለሙ ሳስቶ አይቼው ነበር። ዝም አልኩ። ዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አውፍ በይኝ መርፌዬ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ አባባ» አለች።

እኔ ከአልጋው ማዶ በጥጥ ከንፈሩን አርሳለሁ። ሌሎቹ ወጥተው ሦስታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አፌ ተከፈተ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ከአስራ አራት ዓመቴ ጀምሮ የተለማመድኳት። ዓይኑን ወደኔ አዞረ።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አልኩት።

ከዙሁር በኋላ ሞተ።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጇ ወጥታለች፤ እሷ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ታርማለች። ሻይ ቀዳችልኝ።

«ስሚ እስቲ» አለችኝ ቀና ሳትል፤ «ለወላጆች ስለ ልጅ አስተዳደግ ተናገሪ ብለውኛል። ስለ አባባ ልናገር ነው። ያንቺንም ነገር ባነሳው ቅር ይልሻል? ያን በስምንት ዓመትሽ አውፍ ያልሽውን። እስከ ዛሬ ኡስታዙ ይጠቅሰዋል እኮ።»

«እታለም፣ እሱን አትናገሪ።»

«ለምን? አይን አፋር ሆንሽ ደግሞ?»

ነገርኳት። ከጠመኔው ጀምሬ እስከ ቦዩ ነገርኳት። የዘይቱን ጠርሙስ፣ ጆንያውን፣ ክዳኑን፣ አስራ አንዱን ቀን፣ የአውፍታዬን ነገር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ከመለማመድ ብዛት ይሆናል። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መስኮቱን ታያለች። ጨርሼ ስጠብቅ፣

«እንዴት ጠጣሽው?» አለች። «እኔን ያስመልሰኝ ነበር። ብትጠይቂኝ ሁሉንም እሰጥሽ ነበር።»

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። «አውፍ በይኝ እታለም። የሰው ሐቅ ሰውየው ካልተወው አላህም አይተወውም።»

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለች። ፈጠን ብላ ነው ያለችው፤ ስምንት ዓመትሽ ነበር ምኑን ታውቂው፣ አለች። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ ጣልኩ። በግራ እጇ ሻሼን አስተካከለችልኝ። እፎይ ልል ነበር።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች።

ቀና አልኩ። ፊቷ ነጥቷል።

«አባባን ያን ቀን አውፍ ያልኩት በአፌ ነው። ሰው ሲሞት ይባላል፣ እኔም አልኩ። ልቤ ግን አላለም። አንቺ ነይ ስሚ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ኖሬያለሁ። እንደሚጥለኝ እያወቀ እሳት ያስያዘኝ፣ መድኃኒቴን እንኳ አስተካክሎ መስፈር ያቃተው እያልኩ። ሲስመኝ ጉንጬን እሰጠዋለሁ እንጂ አልስመውም ነበር። እሱ ደግሞ ያውቅ ነበር። ዓይኔን ሲያየው ያውቅ ነበር። እያወቀ ሞተ።»

የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋሁት።

«የኔን አውፍታ ሰጥቼሻለሁ» አለች። «የሱን ከማን ትቀበያለሽ?»

በንዴት አልነበረም የጠየቀችኝ። መልሱን ራሷም ስለማታውቀው ነው የጠየቀችኝ። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ደራረበች። የዙሁር አዛን ተሰማ፤ ተነስታ ውዱእ አደረገች፤ እኔም ተከትያት አደረግኩ። ጎን ለጎን ቆመን ሰገድን። በመጨረሻው ሱጁድ ግንባሯን ከምንጣፉ ሳታነሳ ቆየች። እኔ ቀድሜያት ቀና አልኩ። እሷ እንደተደፋች «ያ አላህ፣ አባባ አውፍ ይበለኝ፤ ያ አላህ፣ አባባ አውፍ ይበለኝ» ስትል እሰማለሁ። ከሦስታችን ምንም ያላጠፋችው እሷ ነበረች።